ክፍሉን ሳይሆን ዳርቻውን ይምረጡ፦ ከወልቂጤና ከቡታጅራ ልጅ ይዞ ሐይቅ ለሚወርድ

ማረፊያውን የመረጥነው በአልጋው ነበር። ስልኬ ላይ በደረሰኝ ፎቶ ነጭ አንሶላ፣ ዳክዬ መስሎ የታጠፈ ፎጣ፣ በመስኮቱ በኩል ደግሞ የሐይቅ ውሃ ይታያል። ባለቤቴም እኔም «ይኼ ነው» አልን። ደርሰን ስናየው ፎቶው አልዋሸም፤ ክፍሉ እንደተባለው ነው። በማግስቱ ንጋት 12 ሰዓት ላይ ስነቃ ግን በሩ ገርበብ ብሏል፤ የሦስት ዓመቱ ልጄ አልጋው ላይ የለም። በባዶ እግሬ ስሮጥ ወጥቼ ከውሃው አንድ ክንድ ርቆ ቁጢጥ እንዳለ ከአንድ አባ ኮዳ ጋር ሲያወራ አገኘሁት። ከበራችን እስከ ሐይቁ ሃያ ሁለት እርምጃ ነው፤ በኋላ ቆጠርኩት። አጥር የለ፣ ዘበኛ የለ፤ በሩም እጀታውን ተንጠልጥሎ ወደ ታች ለሳበ ሁሉ ይከፈታል።

ልጁ ደህና ነው፣ ወፉም ደህና ነው። ከዚያ ወዲህ ግን ማረፊያ ስፈልግ ስለ አልጋው የምጠይቀው መጨረሻ ላይ ነው። ከታች ያለው ቅደም ተከተል የመጣው ከዚያ ንጋት ነው።

መጀመሪያ ውሃውን ይምረጡ

የወላጆቻችን ትውልድ ስለ ባሕር ዳርቻ ሲያወራ ምጽዋንና የጉርጉሱምን አሸዋ ያነሳል። ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ የባሕር በር የለንም፤ ለእኛ ባሕሩ ሐይቅ ነው። ሐይቅ ሁሉ ግን አንድ አይደለም። ብዙ ሰው ሎጁን መርጦ ውሃውን እንደመጣ ይቀበላል፤ ልጅ ይዞ ለሚሄድ ግን ነገሩ መገልበጥ አለበት።

ለቡታጅራ ሰው ቅርቡ ዝዋይ ነው፤ የዛሬዋ ባቱ። በእንሴኖ በኩል 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ልጅ «ደረስን?» ብሎ ማሰልቸት ሳይጀምር ይደረሳል። የዝዋይ ሐይቅ ሰፊ ቢሆንም ጥልቀት የለውም፤ አብዛኛው ክፍሉ ከጥቂት ሜትር አይዘልቅም። ይህን የሰማ ወላጅ «እንግዲያው ለልጅ ጥሩ ነው» ይላል። አይደለም። ጥልቀት የሌለው፣ ዳሩ ደንገል የበቀለበት ውሃ የቢልሃርዚያ ቀንድ አውጣ የሚወደው ቤት ነው። ተውሳኩ ከቀንድ አውጣው ወጥቶ ውሃው ውስጥ ይዋኛል፣ በቆዳ በኩልም ይገባል፤ ልጁ ውሃውን ባይጠጣ እንኳ ጉልበቱ ድረስ መግባቱ ይበቃል። ጉማሬም አለ። ስለዚህ ዝዋይን ለጀልባ፣ ለወፍ፣ ለዓሣ፣ ለደሴቶቹ ይያዙት። መዋኘት ከታሰበ በገንዳ ይሁን፤ እዚያ የሚያርፉትም ንጹሕ ገንዳ ያለው ቤት ሲገኝ ነው።

ላንጋኖ ከባቱ ወደ ሻሸመኔ በሚወስደው መንገድ ላይ ወደ ምሥራቅ ገባ ብሎ ይገኛል። ውሃው ሻይ በወተት ይመስላል፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየው ሰው «ቆሻሻ ነው» ብሎ ይመለሳል። ቀለሙ ከደለል የመጣ ነው። ላንጋኖ ከቢልሃርዚያ ነፃ ነው ሲባል የኖረ ሐይቅ ነው፤ ከአዲስ አበባ ቅዳሜና እሁድ የሚጎርፈው ሕዝብ አንዱ ምክንያቱም ይኸው ነው። አሸዋማ ዳርቻ አለው፣ ወደ ውስጥ ቀስ እያለ የሚጠልቅባቸው ቦታዎችም አሉት። ችግሩ ያው ደፍራሽነቱ ነው። ልጁ ወገቡ ድረስ ከገባ እግሩ አይታይም፤ ውስጥ ቢወድቅም የት እንዳለ ማየት አይቻልም። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሳ ደግሞ ማዕበሉ ለትንሽ ልጅ ከበድ ይላል። ላንጋኖን የመረጠ ወላጅ ጠዋቱን ለውሃ፣ ከሰዓቱን ለእንቅልፍና ለአሸዋ ይመድብ።

ሐዋሳ ከተማ ነው፤ የከተማ ጥቅሙ ሐኪም ቤቱና መድኃኒት ቤቱ ቅርብ መሆኑ ነው። ከአንድ ዓመት በታች ሕፃን ላለው ቤተሰብ የምመክረው ሐዋሳን ነው። ሐይቁ ውስጥ ግን አላስገባም፤ ጉማሬ አለ፣ ቢልሃርዚያም አለ። የአሞራ ገደል የዓሣ ገበያ፣ በሐይቁ ዳር ባሉት ዛፎች ላይ የሚዘሉት ጉሬዛዎች፣ የጀልባ ሽርሽር፤ ለሁለት ቀን ይህ ይበቃል።

ቢሾፍቱ የምትጠቀሰው በማማሯ ነው። ሐይቆቿ ግን የእሳተ ገሞራ ጉድጓድ ናቸው፤ ከዳር ጥቂት ገባ ሲባል መሬቱ ይከዳል። ማረፊያዎቹም ገደል ላይ ተሰቅለው፣ በደረጃ ወደ ውሃ የሚወረድባቸው ናቸው። ደረጃና ድንበር የማያውቅ የሁለት ዓመት ልጅ ካለዎት ሌላ ዓመት ይሂዱ። አርባ ምንጭም ጫሞና አባያ ዳር ዓሣ ለመብላትና ከጀልባ ላይ አዞ ለማየት እንጂ እግር ለመንከር አይደለም። ለወልቂጤ ሰው በወሊሶ በኩል ወንጪ ቅርብ ነው፤ ወንጪን የዓለም ቱሪዝም ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዱ አድርጎ መርጦታል። ውብ ነው፣ ግን ደጋ ነው። ልጁ ሹራብ ለብሶ ፈረስ ይቀመጣል፤ ዋና አይታሰብም። ከቡታጅራ አፍንጫ ሥር ያለው ሐረ ሸይጣንም ቢሆን ድንጋይ ወርውሮ «ውሃው ጋ አይደርስም» እየተባለ የሚሳቅበት ገደል ነው፤ ልጅ በእጅ ተይዞ ከሩቅ ይታያል፣ አለቀ።

አቅሙ ኖሮት፣ ወይም ከአሜሪካ የመጣ ወንድም «ሁላችሁንም ልውሰድ» ብሎ፣ ሞምባሳ ወይም ዛንዚባር ለሚያስብ አንድ ቃል ላክል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ወደ ሁለቱም ይበራል። ሐይቅ የለመደ ሰው የማያውቀው አንድ ነገር ግን አለ፤ ባሕር ይሄዳል ይመለሳል። በዛንዚባር ምሥራቃዊ ዳርቻ ውሃው በቀን ሁለቴ ብዙ ርቆ ይሸሻል፤ በፎቶ ያዩት ሰማያዊ ውሃ እርስዎ ሲደርሱ ጭቃና ድንጋይ ሆኖ ሊጠብቅዎት ይችላል። በሰሜን በኩል፣ ኑንጉዊ አካባቢ፣ መሸሹ ይቀንሳል። ከሞምባሳ በስተደቡብ ያለው ዲያኒ ደግሞ ኮራል ድንጋዩ ማዕበሉን ከሩቅ ስለሚሰብርለት ዳር ዳሩ ለልጅ ለስለስ ያለ ነው። እዚያም ወባ አለ።

ቀኑን ከወባ ጋር ያስማሙ

ጉራጌ በመስቀል ከአገር አይወጣም፤ ያለበትን ትቶ አገር ይገባል። ስለዚህ በመስከረም ሐይቅ ይወረዳል ብዬ አልጠረጥርም፤ ክትፎውን ትቶ ዓሣ ሊበላ የሚወርድ ካለ ከእናቱ ጋር ይነጋገር። መስቀል ሲያልፍ፣ ዘመዱ ሁሉ ተሰብስቦ እያለ፣ «አንድ ሁለት ቀን ላንጋኖ እንደር» የሚለው ሐሳብ ግን ይመጣል። ይኼኔ ነው ቆም ማለት። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ያለው ጊዜ፣ ዝናቡ አልፎ የቆመ ውሃ የሚቀርበት፣ የወባ ዋና ወቅት ነው። ቡታጅራ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የስምጥ ሸለቆ ሐይቆቹ ግን 1,600 ሜትር አካባቢ ናቸው። ወባ በብዛት ያለው ከ2,000 ሜትር በታች ነው ሲባል በኖረው ልክ ካየነው፣ አንድ ሰዓት ተነድቶ መስመሩ ይታለፋል። የደጋ ልጅ ወባን የመከላከል አቅም አላዳበረም።

ለእኔ ጥሩው ጊዜ የካቲት ነው። የትምህርት ግማሽ ዓመት እረፍት አለ፣ ዝናቡ ገና አልበረታም፣ ትንኙም ይቀንሳል። ጾም ከገባ ደግሞ ማረፊያዎቹ ቀለል ይላሉ፤ ዋጋ ለመነጋገርም ይመቻል።

ከዚያ ስልክ ይደውሉ

መልእክት አይላኩ፣ ይደውሉ። በጽሑፍ የሚመለሰው «አዎ ሁሉም አለ» ነው። በስልክ ግን ዝምታው ራሱ መልስ ይሰጣል። ባለፈው ስደውል እንዲህ ሆነ፦

«እህቴ፣ ከክፍሉ በር እስከ ውሃው ስንት እርምጃ ይሆናል?»

«ኧረ በጣም ቅርብ ነው ጋሼ፣ ሐይቁ ላይ ነው ይበሉት።»

«እሱን ነው የፈራሁት። ራቅ ያለ የላችሁም?»

ሳቀች። ከኋላ፣ ከአትክልቱ በኩል፣ ርካሽ ክፍሎች እንዳሉ፣ ሰው ግን እንደማይወዳቸው ነገረችኝ። ልጅ ላለው ሰው ወርቁ እነሱ ናቸው። ሐይቁ ፊት ለፊት ያለው ክፍል የሚከፈልበት ለእይታ ነው፤ እይታውን በቀን ወርደው በነፃ ያገኙታል።

ከእርምጃው ቀጥሎ የምጠይቃቸው እነዚህ ናቸው። በሩ ከውስጥ፣ ልጅ በማይደርስበት ከፍታ ላይ መቀርቀሪያ አለው ወይ? ገንዳ ካለ የልጆቹ ከትልቁ የተለየ ነው ወይስ በገመድ ብቻ የተከለለ? አጥርስ አለው? አጎበር በአልጋ ቁጥር ነው ወይስ በክፍል አንድ? መብራት ሲጠፋ ጀኔሬተሩ ሌሊቱን ሙሉ ይሠራል ወይስ እስከ ስንት ሰዓት? ሙቅ ውሃ ይመጣል ወይ? ቅዳሜ ማታ ሙዚቃ አለ ወይ? ይህን የመጨረሻውን እንዳይረሱ፤ አንዳንዱ የሐይቅ ዳር ሎጅ ቅዳሜ ማታ የሠርግ አዳራሽ ነው።

ስለ ገንዘብም እዚያው ስልኩ ላይ ይጨርሱ። የተነገረዎት ዋጋ 15 በመቶ ቫቱንና ሰርቪስ ቻርጁን ያካተተ መሆኑን፣ ቁርስ ለልጆቹም መሆን አለመሆኑን፣ ተጨማሪ ፍራሽ ስንት እንደሚያስከፍል ይጠይቁ። ከውጭ የመጣ ዘመድ አብሮ ካለ ደግሞ «የአገር ውስጥ ዋጋ» እና «የውጭ ዋጋ» የሚል ልዩነት እንዳለ አስቀድመው ይወቁ፤ ፓስፖርት ከታየ በኋላ መከራከር አድካሚ ነው። ቀብድ የሚልኩ ከሆነ በቴሌብር ወይም በባንክ፣ በድርጅቱ ስም ይሁን። የቀኑን፣ የክፍሉንና የዋጋውን ዝርዝር በአጭር መልእክት እንዲልኩልዎት ያድርጉ። ለቀብዱ ያለኝ ሕግ አንድ ነው፤ ብጠላው ትቼው ልመለስ ከምችለው በላይ አልልክም።

መንገዱ

ከቡታጅራ ለሚነሳ ቀላል ነው። ወልቂጤ ግን በጅማ መንገድ ከአዲስ አበባ 158 ኪሎ ሜትር ላይ ናት፤ ወደ ስምጥ ሸለቆ ለመውረድ የጉራጌን ተራሮች አቋርጦ ቡታጅራ መውጣት ወይም በአዲስ አበባ መዞር ነው። በሁለቱም ቢሆን ልጅ ይዞ በአንድ ቀን አይጨረስ። በተራሮቹ በኩል ከሄዱ አንድ ሌሊት ቡታጅራ፣ አክስት ቤት፤ አክስት ከሌለች አልጋ ይከራዩ። ጠዋት መናኸሪያ ሄደው ከሾፌሮች ስለ መንገዱ ይጠይቁ፤ ሰላሙንም፣ ኮረኮንቹንም ከማንም በላይ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። ኮንትራት መኪና ከያዙ የኋላ ወንበር ቀበቶው የሚሠራ መሆኑን ከመስማማትዎ በፊት ይሞክሩት፤ አንዳንዱ ወንበሩ ሥር ተቀብሯል። በጨለማ አይንዱ።

ሲደርሱ ሻንጣው መኪናው ላይ ይቆይ

ይህን ከማንኛውም ምክር በላይ እወደዋለሁ። ቀሪውን ከመክፈልዎ፣ ልጆቹም ጫማቸውን ከማውለቃቸው በፊት፣ አንዱ ወላጅ ልጆቹን ይዞ ሚሪንዳ ይጠጣ፤ ሌላው ግቢውን ይዙር። አሥራ አምስት ደቂቃ ይበቃል።

በር ላይ ይቁሙና ወደ ውሃው ይራመዱ፣ ይቁጠሩ። ከዚያ ቁጢጥ ይበሉ። ሰው ቢስቅም ግድ የለም። በሦስት ዓመት ልጅ ቁመት ሲታይ ግቢው ሌላ ግቢ ነው፤ የተከፈተው የፍሳሽ ጉድጓድ፣ ከበረንዳው ግርጌ የተሰበረው ጠርሙስ፣ የጀልባው ሞተር፣ የአምፖሉ የተላጠ ሽቦ በቆመ ሰው ዓይን አይታዩም። ገንዳው ጋ ሲደርሱ ወለሉን ይመልከቱ። የታችኛው ሴራሚክ ጥርት ብሎ ካልታየ ማንም አይግባ፤ ስለ ንጽሕናው ብቻ ሳይሆን የሰመጠ ልጅም ስለማይታይ ነው። የበረንዳው ብረት መሃል ለመሃል የልጅዎ ጭንቅላት ያልፋል ወይ? መስኮቱ ላይ ወንፊት አለ ወይ? አጎበሩን ዘርግተው ወደ ብርሃን ይዩት፤ ቀዳዳ ካለው በመርፌና ክር የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። እኔ የራሴን ከቤት ይዤ መሄድ ጀምሬያለሁ፤ ከጤና ኬላ የተሰጠን በመድኃኒት የተነከረ አጎበር ጓዳ ውስጥ ተጣጥፎ ከሚቀመጥ አብሮን ይዝናና።

ካልወደዱት ይናገሩ። «ልጆች ስላሉን ነው፣ የኋላውን ክፍል ብትሰጡን» ሲባል እምቢ የሚል እንግዳ ተቀባይ አላጋጠመኝም። ይሉኝታ ይዞን ዝም የምንለው እኛ ነን።

የመቆያው ሥርዓት

የዓለም ጤና ድርጅት በ2024 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት በ2021 በመላው ዓለም 300,000 ያህል ሰው ሰምጦ መሞቱን ገምቷል፤ ሩብ የሚጠጉት ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ልጆች ናቸው። ልጅ ሲሰምጥ እንደ ፊልም አይጮህም፣ እጁን አያወናጭፍም። በዝምታ ነው፤ ስልክ አንሥቶ «ሄሎ» እስኪባል ድረስ ያልቃል።

እኛ ጋ ደግሞ የራሳችን ችግር አለ፤ ብዙ ሆነን ነው የምንሄደው። አጎት፣ አክስት፣ አያት፣ የአጎት ልጆች። አሥር ትልቅ ሰው ባለበት ልጁን የሚያይ አይጠፋም ብሎ ሁሉም ያስባል፤ ስለዚህ ማንም አያይም። እኛ ቤት መላ ተገኝቶለታል። ቀይ ኮፍያ አለ። ኮፍያውን ያደረገ ሰው ለግማሽ ሰዓት ስልክ አይነካም፣ ቢራ አይጠጣም፣ ወሬ አይጀምርም፤ ሲያበቃ ለሌላው በእጁ ያስረክባል። ተራው አያቴንም ይመለከታታል ወይ? ሌሎች ቢገኙ አይመለከታትም፤ ሮጣ አትደርስም። በአየር የሚነፋ ጎማና የክንድ ፊኛ መጫወቻ ናቸው፤ በልጁ ልክ የሆነ የመንሳፈፊያ ጃኬት ግን ቢቻል ገዝተው ይሂዱ። ጀልባ ላይ ያለ ጃኬት አይሳፈሩ፤ «ቅርብ ነው» ቢባልም።

ፀሐይ ስትጠልቅ ከዳርቻው ይነሱ። ጉማሬ ሣር ሊግጥ የሚወጣው በማታ ነው፤ የወባ ትንኝም ሥራ የምትጀምረው ያኔ ነው። ልጆቹን አጥበው ረጅም እጅጌና ሱሪ ያልብሱ፤ የትንኝ ቅባት ከሁለት ወር በታች ላለ ሕፃን አይቀባም። በሩ ላይ ከላይ መቀርቀሪያ ከሌለ ሻንጣውንና ወንበሩን ደግፈው ይተኙ፤ ልጁ ሲገፋ የሚንኳኳ ነገር ከላይ ቢያስቀምጡ ይበልጥ ይረዳል። የእኔ የብረት ድስት ክዳን ነው።

ስለ ምግብ ብዙ አልልም። ልጅ ሐይቅ ዳር ሲውል ይርበዋል፤ የሎጅ ኩሽና ደግሞ አንድ ሰዓት ያስጠብቃል። በሶ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ሙዝ፣ የተፈላ ውሃ ይያዙ። ቆጮ ይዞ መሄድ አያሳፍርም፤ ለሁለት ቀን አይበላሽም። የቆሮሶ ዓሣ ለልጅ ሲታዘዝ አጥንቱ የወጣለት ይሁን፤ ዓሣ ገበያ ላይ ትልልቆቹ የሚሻሙበት ጥሬ ዓሣ ለልጅ አይሰጥም። እንደ ብዙ የጉራጌ ቤተሰብ ሙስሊምም ክርስቲያንም አብራችሁ የምትጓዙ ከሆነ ግን አስቀድመው ሥጋው የማን እርድ እንደሆነ፣ ረቡዕና ዓርብ የጾም ምግብ መኖሩን ይጠይቁ፤ ሥጋው ካልተመቸ ከጾም ቀን ውጭ ዓሣ ሁሉንም ያስታርቃል። ምግብ በረንዳ ላይ አይተዉ፣ ጦጣ ከልጅ እጅ ነጥቆ ይሄዳል፤ ሲነጥቅም ይቧጭራል።

ከመድኃኒት ለምለም፣ ፓራሲታሞል ሽሮፕ፣ ቴርሞሜትርና ፕላስተር ይበቃሉ። ፀሐዩ ከደጋው የበለጠ ባይመስልም ውሃና አሸዋ ላይ ይንጸባረቃል፤ ሰፊ ባርኔጣና አሮጌ ባለ እጅጌ ቲሸርት ለብሶ መዋኘት ከውድ ቅባት ይሻላል።

ቤት ከገቡ በኋላ ባሉት ሳምንታት ልጁን ትኩሳት ከያዘው «ፀሐይ መቶት ነው» ብለው አያሳድሩት። የወባ ትኩሳት ከንክሻው በኋላ ሰባት ቀን ወይም ከዚያ በላይ ቆይቶ ስለሚመጣ፣ ጉዞው በተረሳበት ሰዓት ነው የሚደርሰው። የዚያኑ ዕለት ጤና ጣቢያ ይውሰዱትና መጀመሪያ «ሐይቅ ወርደን ነበር» ይበሉ። የጣት ደም ምርመራው ደቂቃዎች ቢወስድ ነው። ዝዋይ ወይም ሐዋሳ ውሃ ውስጥ የገባ ልጅ ካለ ደግሞ ከወር ሁለት ወር በኋላ የሰገራና የሽንት ምርመራ ያስደርጉለት፤ ቢልሃርዚያ ቢገኝ መድኃኒቱ ፕራዚኳንቴል ነው፣ መጠኑም በልጁ ኪሎ ይለካል።